የሪጅናል ባንክ ሼር፦ «ማን ይሸጣል?» ብቻ ብሎ መግዛት አያዋጣም

የአሜሪካ መካከለኛ ባንኮች፣ ሪጅናል ባንክ የሚባሉት፣ መገዛዛቱን ተያይዘውታል። በ2025 ብቻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፒናክል ከሲኖቨስ፣ ሃንቲንግተን ከኬደንስ፣ ፊፍዝ ሰርድ ከኮሜሪካ ጋር ሊዋሃዱ ተስማምተዋል። የኮሜሪካው 10.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከ14,000 በላይ የንግድ ባንኮች ነበሩ፤ ዛሬ 4,000 ገደማ ቀርተዋል።

ይህን ያየ ብዙ ሰው ቀጥሎ የሚሸጠው ባንክ ማን እንደሆነ ይገምትና፣ ገዢው ከገበያው በላይ ይከፍላል ብሎ ሼሩን ቀድሞ ይገዛል። እኔ ይሄን አካሄድ አልወደውም። ግምቱ ልክ ሆኖም ሊያከስር ይችላላ!

የቴነሲውን ባንክ ፈርስት ሆራይዘንን እንይ። በፌብሩዋሪ 2022 የካናዳው ቲዲ ባንክ እያንዳንዱን ሼር በ25 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሊገዛ ተስማማ። ዓመቱ ሲያልቅ ሼሩ ገበያ ላይ 24 ዶላር አካባቢ ነበር። የቀረችው አንድ ዶላር የተረጋገጠች ትመስል ስለነበር ለእሷ ብሎ የገባ ሰው ነበር። ከዚያ የተቆጣጣሪዎቹ ፈቃድ ዘገየ፣ በማርች 2023 የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ፣ የሪጅናል ባንክ ሼሮች አብረው ተንኮታኮቱ፣ በሜይ 4 ደግሞ ስምምነቱ ፈረሰና የፈርስት ሆራይዘን ሼር በዚያው ቀን ሲሶ ያህሉን አጥቶ 10 ዶላር ገደማ ላይ አረፈ። ባንኩ አልከሰረም፣ ሥራውን ቀጥሏል። ሼሩን ከፍ አድርጎ ይዞት የነበረው ግን ስምምነቱ ነበር። አንድ ዶላር ለማግኘት 14 ዶላር አደጋ ላይ መጣል ማለት ይህ ነው።

ሌላም አለ። አሁን የሚታወጁት ውህደቶች ብዙዎቹ ክፍያቸው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሼር ነው። አንድ የኮሜሪካ ሼር ለያዘ ሰው የታሰበለት 1.8663 የፊፍዝ ሰርድ ሼር ነበር። ስለዚህ የገዢው ሼር ሲወርድ የሻጩም አብሮ ይወርዳል። ፒናክልና ሲኖቨስ ውህደታቸውን ሲያውጁ የሁለቱም ሼር ነው የወደቀው። ተገዛልኝ ብሎ ሊደሰት የነበረ የሲኖቨስ ባለድርሻ ቀይ ቁጥር አየ።

ለዚህ ነው ከሻጩ ይልቅ ገዢውን የምመረምረው። ውህደት ሲታወጅ መግለጫውን አልፌ ለኢንቨስተሮች የሚለቀቁትን ስላይዶች እከፍታለሁ። የምፈልገው የገዢው የሚጨበጥ የተጣራ ሀብት (ዕዳውና የማይዳሰስ ንብረቱ ተቀንሶ የሚቀረው) ለአንድ ሼር ሲካፈል በስንት ፐርሰንት እንደሚቀንስና ያን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ቅነሳው ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ አንዱ ትልቅ ምንጭ የሻጩ ባንክ ቦንዶችና ብድሮች ናቸው። ወለድ ዝቅ ባለበት ጊዜ የተገዛ ቦንድ ወለድ ሲጨምር ዋጋው ይወርዳል። ባንኩ የቦንዱ ጊዜ እስኪያልቅ ይዞት ቢቆይ ኪሳራው ላይታይ ይችላል፤ ባንኩ የተሸጠ ቀን ግን ሁሉም በገበያ ዋጋ ይተመናል። ከ2022 በኋላ ውህደት የቀዘቀዘበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ቀጥሎ ተቀማጩን አያለሁ። የመንግሥት ዋስትና ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ነው። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከነበረው ተቀማጭ ከ90 ፐርሰንት በላዩ ዋስትና አልነበረውም፤ በማርች 9 ቀን 2023 ደንበኞቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። ወለድ የማይከፈልበት፣ በብዙ ትናንሽ ደንበኞች ሂሳብ ውስጥ የተበታተነ ገንዘብ ያለው ባንክ ግን ሻጭ ሆነም አልሆነ ዋጋ አለው።

ብዙ የሚገዛ ባንክ ደግሞ ያስፈራኛል። ኒውዮርክ ኮሚዩኒቲ ባንኮርፕ በ2022 መጨረሻ ፍላግስታርን ጠቀለለ፣ ወራት ሳይቆይ ከወደቀው ሲግኔቸር ባንክ ትልቅ ድርሻ ወሰደ። በዚህም ጠቅላላ ሀብቱ የ100 ቢሊዮን ዶላርን መስመር አለፈ፤ ከዚያ በላይ ቁጥጥሩ ይጠነክራል፣ መያዝ ያለበት ካፒታልም ይበዛል። በጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ለብድር ኪሳራ የሚይዘውን መጠባበቂያ ከፍ አድርጎ የሩብ ዓመት ዲቪደንዱን (ለእያንዳንዱ ሼር የሚከፍለውን የትርፍ ድርሻ) ከ17 ሳንቲም ወደ 5 ሳንቲም አወረደ። ሼሩ በዚያ ቀን ከሲሶ በላይ ወደቀ። ያንን ሼር ለዲቪደንዱ ሲሉ ለዓመታት የያዙ ጡረተኞች ነበሩ፤ በውህደቱ ላይ ውሳኔ የሰጠው ግን አስተዳደሩ ነው።