ትምባሆዬና የነጠላው ቁራጭ

አምና በኅዳር ብርድ የትምባሆ ዘር እንደ ባቄላ በጣቴ ቀብሬ አንድም አልወጣልኝ። ለካ ዘሩ ከአቧራ አይሻልም፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ10,000 በላይ አለ። ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል። ሐረር ደግሞ ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ አፈር በሞላሁበት ጣሳ ላይ እንዲሁ በተንኩት። ማታ ማታ ቤት አስገባዋለሁ። በአሥረኛው ቀን አረንጓዴ ነጠብጣብ! ኋላ ጎረቤቴ አዩና «አቦ፣ ሰላጣ ነው እንዴ?» አሉኝ።

የትምባሆዋ ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ሳይፈካ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርኩት፤ ንብ የሌላ ትምባሆ ብናኝ እንዳታመጣበት። እሷ እንደሆነች በራሷ ብናኝ ፍሬ ትይዛለች። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ቆረጥኩት። ስነቀንቀው ሿ ሿ ይላል። አሁን በወረቀት ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

እኔ አላጨስም። ቅጠሉን የሚጠብቁት ጎረቤቴ ናቸው፣ ለጋያቸው።