ወራሪውንና ምርኮኛዋን እንዴት አፋቀርኳቸው

ቫይኪንጎች፣ ማለትም ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ የሚወርሩ ተዋጊዎች፣ በነበሩበት ዘመን የሚካሄድ የፍቅር ልቦለድ ለመጻፍ ስነሳ የመርከቡ ቅርጽና የሰይፉ ዓይነት ብዙ አላስጨነቀኝም፤ እሱ በንባብ ይገኛል። ቀንድ ያለውን የራስ ቁር ከመጀመሪያው ጣልኩት፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ አልባሳት ያስለመደን ነገር ነው። ጭንቁ ሌላ ነበር፦ ቤቷን ያቃጠለባትን ሰው አንዲት ሴት እንዴት ትወደዋለች?

ታሪኩን አየርላንድ ላይ ጀመርኩ። ቫይኪንጎች እ.ኤ.አ. በ841 ደብሊን ላይ የመርከብ ምሽግ ሠሩ፤ ቦታው ውሎ አድሮ ትልቅ የባሪያ ገበያ ሆነ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጀግናዬን «ደግ ወራሪ» አድርጌ ማቆላመጥ አልሆነልኝም። እሷን ለራሱ ያስቀራል፣ አብረዋት የታሰሩትን ሴቶች ግን ይሸጣል። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «ይህን አውጪው፣ እንጠላዋለን» አለችኝ። አላወጣሁትም። ምርኮኛዋ ያየችውን አንባቢውም ማየት አለበት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአይስላንዱ ላክስዳይላ ሳጋ ነው፤ ሳጋ የጥንት አይስላንዳውያን ረጅም ትረካ ነው። ሆስኩልድ የሚባል ሰው ዲዳ ናት የተባለች ባሪያ ማርክ በሚባለው የጥንት ሚዛን ሦስት ማርክ በሚመዝን የብር ማዕድን ይገዛል። ልጅ ትወልድለታለች። አንድ ቀን ከትንሹ ልጇ ጋር ስታወራ ይደርስባታል፤ ለካ መልኮርካ የምትባል የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ኖራለች! ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም እንዳለች ሳጋው አያብራራም። እኔ እንደገባኝ፣ ሊወስድባት ያልቻለው አንደበቷን ብቻ ነበር። ስለዚህ የእኔዋ ምርኮኛ ትናገራለች፣ እውነተኛ ስሟን ግን አትሰጠውም።

ከዚያ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ነጻ ሳትወጣና መሄጃ መርከብ ሳይኖራት የፍቅር ቃል አይነገርም። በዚያ ዘመን ጌታ ባሪያውን ነጻ ማውጣት ይችል ስለነበር ታሪኩ አልተጣመመም። መጽሐፉ መሐል ላይ ነጻ ያወጣታል፤ እሷም ትሄዳለች። ፍቅሩ የሚጀምረው እሱ መሣሪያ ሳይታጠቅ አገሯ ሲመጣ ነው። «ዘገየ» ያሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ቀድሞ ቢመጣ እኔም አላምነውም ነበር።

በጥንቱ የአየርላንድ ሕግ ለተገደለ ሰው ዘመዶች ካሳ ይከፈላል። ወንድሟ የአባታቸውን የደም ካሳ ይቀበላል፣ ሰርጋቸው ላይ ግን አይገኝም። እንዳስታርቃቸው የሚለምኑኝ አንባቢዎች አሁንም አሉ። ሁለተኛ ክፍል ከጻፍኩም አላስታርቃቸውም።