አበቦቼ ክረምት ላይ ማዳበሪያ አይቀምሱም

ስለ ቤት ውስጥ አበባ የሚሠሩ የውጭ ቪዲዮዎች ምክራቸው አንድ ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም ማዳበሪያ ስጡ፣ ከዚያ አቁሙ ይላሉ። ለለንደን ልክ ነው። እዚያ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን አበባ የሚያስተኛው በዋናነት ደመናው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኔ ሳሎን በጠራራው ሰዓት እንኳ መብራት ያስበራል። ቪዲዮዎቹ «አሁን ነው መመገብ» በሚሉበት ወቅት ፖቶስ የሚባለው አበባዬ ቅጠል ማውጣት ያቆማል።

ስለዚህ የራሴን አቆጣጠር ለማውጣት ወሰንኩ። ዘዴዋ ቀላል ናት። በፖቶሱ፣ በሞንስቴራውና በፒስ ሊሊው ላይ መጨረሻ የወጣውን ቅጠል አየሁና አገዳው ላይ ቀይ ክር ለቀቅ አድርጌ አሰርኩ። ከክሩ በኋላ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ ካለና መፈታት ከጀመረ ማዳበሪያ እሰጠዋለሁ። ምንም ካልመጣ ውሃ ብቻ፣ እሱም አፈሩ ከላይ ሲደርቅ። አዲስ ቅጠል ሲፈታ ደግሞ ክሩን ወደሱ አዛውራለሁ።

ክሩ ያሳየኝ ነገር ካሰብኩት ትንሽ ለየት ያለ ነው። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሁሉም ነቃ ነቃ ይላሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩ ሞልቶ እያለ እንደገና ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ምክንያቱም ሌሊቱ ይበርዳል፣ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሥሩ እንደ ልቡ አይመገብም። ዋናው የእድገት ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ሙቀቱም ብርሃኑም አብረው የሚገኙት ያኔ ነው።

የመስኮቱ አቅጣጫም ለካ ብዙ ለውጥ ያመጣል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ስለሆነ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንስቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ከአንድ እናት ቆርጬ የተከልኳቸው ሁለት ፖቶሶች አሉኝ፣ አንዱ ደቡብ መስኮት ላይ፣ ሌላው ሰሜን። ታኅሣሥ ላይ የደቡቡ ቅጠል ሲያወጣ የሰሜኑ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ያኔ የሚመገበው የደቡቡ ብቻ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወቅት እንደማለት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ የግብርና ግብዓት ከሚሸጡ ሱቆች የሚገኘውን በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በእኩል መጠን ያለበት ማዳበሪያ) ነው የምጠቀመው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውሃ፣ በቃ። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነው፣ ግን የቤት ውስጥ አበባ ደጅ እንዳለው ብዙ ብርሃን ስለማያገኝ ብዙ አይበላም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጥቅምት ላይ በወር አንዴ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል ምንም። ደረቅ አፈር ላይ ደግሞ በጭራሽ አላፈስም፤ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ማዳበሪያው፣ አለዚያ ሥሩን ያቃጥለዋል።

አንዲት የግቢያችን እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ከገጠር የመጣላቸውን ዩሪያ በእፍኝ ይዘውልኝ መጡ። አመስግኜ ተቀበልኩና ለጊቢው ጎመን አዋልኩት። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ማሳ ላይ ብዙ አፈር አለ፣ ዝናብም ያዳርሰዋል። ፖት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ነሐሴ ላይ እንደገና መጥተው ማዳበሪያውን መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ሲያዩት፣

«አንቺ፣ አበባም ፍልሰታን ይጾማል እንዴ?» አሉኝ።

«የአበባውስ ጾም ከሰኔ ጀምሮ ነው እትዬ» አልኳቸው። ስቀው ስቀው ሊሞቱ!

ነገሩ ግን እውነት ነው። ተክሉ ካላደገ የሰጡትን አይወስድም፣ ጨው ሆኖ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እያለ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ፖታችሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አፈሩ ላይ ወይም የሸክላው ከንፈር ዙሪያ ነጭ፣ በጥፍር ሲፍቁት ዱቄት የሚሆን ነገር ካለ አንዱ ምልክት እሱ ነው፤ የቧንቧ ውሃም እንዲህ ያደርጋል። ሰው ግን ቅጠሉ ሲደርቅ «ምግብ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርበታል።

ይህን ጨው የማጥበው ጳጉሜ ላይ ነው። ሩፋኤል ዕለት የሰፈር ልጆች ዝናብ ሊጠመቁ ሲወጡ እኔም ፖቶቼን አወጣለሁ። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ ደግሞም ነፃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሥር ባለው ቀዳዳ ውሃው ደህና አድርጎ ይውጣ፣ ዝናቡ ካነሰ ከጣራ የተጠራቀመውን እጨምርበታለሁ። ከዚያ አንጠፍጥፎ ወደ ቤት። ውጭ ማሳደር አይሆንም፣ በዚያ ብርድ ውሃ እንዳቆረ ከቆየ ሥሩ ይበሰብሳል።

የቡና አተላ ስለሚያፈሱት ብዙ ይጠየቃል። እኔ ፖት ላይ አላፈስም። ይሻግታል፣ እነዚያን ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ይጠራል። ኮምፖስት ውስጥ ግን ግሩም ነው፣ የበሰለውን ኮምፖስት የካቲት ላይ ከአፈሩ ፊት በስሱ እበትነዋለሁ።

ስኔክ ፕላንትና ዚዚ ፕላንት ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ለነሱ መጋቢት ላይ አንዴ፣ ጥቅምት ላይ አንዴ፣ በቃ። ከችግኝ ጣቢያ አዲስ የተገዛ አበባም ብዙ ጊዜ አፈሩ ፍግ ያለበት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አልሰጠውም፤ ክሩን ብቻ አስሬ እጠብቃለሁ።