ከእርጥበቱ ጀመርኩ፦ የደሴው ጭቃ ቤቴ እስካሁን የደረሰበት

ቤት ስለማሳመር ስናወራ ጨዋታው ቶሎ መጋረጃና ምንጣፍ ላይ ይደርሳል። እኔ ግን ደሴ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ሥራ እርጥበቱን ማስወጣት ነው ባይ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ ይከብዳል፣ በልግም ይዘንባል፣ ጉሙም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥሩ መጋረጃ ብዙ ሳይቆይ ይሻግታል። ስለዚህ ያለችኝን ጥቂት ብር መጀመሪያ ለማይታየው ሥራ አዋልኳት።

የምኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ቤት፣ ኪራይ።

የጀመርኩት ከውጭ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ ኩራዝ ክር ነው፤ ሥሩ ውሃ ካገኘ ወደ ላይ ይስባል። በጓሮ በኩል አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሮ ነበር። አካፋ ተውሼ አነሳሁት። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ከቤቱ እንዲርቅ ቁልቁል የሚሄድ ቦይ ቆፈርኩ። የአሸንዳው ቀዳዳም ተደፈነ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ከጉልበት በቀር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን ይኸው ነው። ክረምቱ ሲወጣ የግድግዳው ግርጌ ደረቀ፤ የሻጋታው ሽታም ቀነሰ።

ቀጥሎ ስንጥቁን መድፈን ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሚንቶ ያስባል። እኔ አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ሲስብና ሲተፋ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ቆይቶ ይላቀቃል፤ እስኪላቀቅ ድረስም እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዛል። የተነፋ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቼ፣ ጥቂት ቀን እየረገጥኩ አሰነበትኩት። የሚፈረፈረውን ጠርጌ፣ ስንጥቁን ውሃ ረጭቼ፣ ጭቃውን ሳሳ አድርጌ ለጠፍኩ። አንዴ በወፍራሙ ከለጠፉት ሲደርቅ እንደገና ይሰነጠቃል።

ከዚያ ኖራ። አከራዬን ሳማክራቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ድሮም በኖራ ነበር የምንቀባው፤ የዘይት ቀለም የመጣው በኋላ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዘይት ቀለም ግድግዳውን አፍኖ ያስቀረዋል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሻጋታም በቀላሉ አይወደውም። ዋጋውም ከቀለም ጋር አይወዳደርም። የጠፋውን (አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ የበረደውን) ኖራ በውሃ እንደ ወተት አቅጥኜ፣ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። ግድግዳውን ካረጠብኩ በኋላ በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርጌ ቀባሁ። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ሲቀባ ምንም የተቀባ አይመስልም፤ እየደረቀ ሲሄድ ነው የሚነጣው። ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ ማቻኮል አያስፈልግም። አንድ ነገር አደራ፦ ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ልጆችም ከአጠገብ ይራቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ እያጠቡ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሌላው፣ ልብስ ሲነካው ትንሽ ይለቃል፤ እኔ አልጋው ያለበት በኩል ጨርቅ ሰቅያለሁ።

የነጣው ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጭ ቀን ላይ አምፖል ማብራት ትቻለሁ።

ስለ ሻጋታ ካነሳሁ አይቀር፣ በረኪና የሚሠራው ሴራሚክና ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ጭቃና እንጨት ውስጥ ሰርጎ አይገባም። ከአቼቶ ጋር ደግሞ በፍጹም አይቀላቀል፤ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

አየር ማስገባት ላይ እኔም ጎረቤቶቼም ብርዱን እንፈራለን። የሠራልኝ መንገድ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ በሩንና ትይዩ ያለውን መስኮት አሥር ደቂቃ ያህል ወለል አድርጎ መክፈት፣ ከዚያ መዝጋት ነው። አየሩ ይቀየራል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም። የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣትም አቁሜያለሁ፤ ውሃው የትም አይሄድም፣ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከሰል የሚያነድ ደግሞ አየሩን ከብርዱ ያስቀድም። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ተኝቶ ይቀራል።

ዕቃ ማደራጀቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ከአትክልት ተራ የቲማቲም ሳጥን በርካሽ ገዛሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ እየደራረብኩ በሚስማር አያያዝኳቸው። የመጻሕፍትና የስኒ መደርደሪያ ወጣቸው። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ ግድግዳውን በጣት እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቋሚው እንጨት እዚያ ነው። ምስማሩ እሱን ሲያገኝ ብቻ ነው የሚጸናው። አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው ስንዝር ያህል አራቅኳቸው፤ ከኋላቸው አየር ካልዞረ ሻጋታው ተመልሶ የሚመጣው እዚያ ነው። አልጋ ሥር የነበረው ካርቶን ሁሉ ወጥቷል። ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ በረሮም ይወልድበታል፤ በምትኩ ክዳን ያለው ባልዲ ይሻላል።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት የእሷ ችግር ተቃራኒ ነው። እነሱ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለው ስለሚኖሩ የሚያስቸግራቸው ሙቀቱና አቧራው ነው። እሷ ቀን በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ትጋርዳለች፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ሁሉንም ትከፍታለች። የቆርቆሮው ሙቀት በቀጥታ እንዳይወርድባት በአቡጀዲ ኮርኒስ አሠርታለች።

እኔም የሚቀረኝ ኮርኒሱ ነው። አሮጌው ማዳበሪያ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ በልግ ሳይገባ መቀየር እፈልጋለሁ። አቡጀዲ ደሴ ላይ እርጥበቱን ይችለው ይሆን፣ ወይስ በማዳበሪያው ልቀጥል? የሞከራችሁ ካላችሁ በምን እንደወጠራችሁትና ስንት ክረምት እንደቆየላችሁ ንገሩኝ።