ባለቤት ያለው ሣር

ከአዳማ እስከ ጣርማ በር ያለውን መንገድ እንቅልፍ ወሰደው። የነቃሁት ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ረዳቱ የቦርሳ ሒሳብ መቶ ብር ሲጠይቀኝ ነው። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው! ተከራከርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ «ስጠውና ገላግለን ልጄ፤ አንተን የሚጠብቅህ ብርድ ነው» አሉኝ። ከፈልኩ።

እውነታቸውን ነበር። ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። እኛ ጋ በረደ ማለት ማራገቢያው ጠፋ ማለት ነው፤ መሐል ሜዳ ግን ያደርኩበት ክፍል በር ስለማይገጥም ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲያፏጭብኝ አደረ። ሲነጋ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ስስ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። የክፍሉ ዋጋ ግን ሙሉ ነው።

ጓሳ ስደርስ ቁጣዬ ተረሳ፤ ሜዳውም ሣሩም ስማቸው ጓሳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ጉብ ጉብ ብሎ በቅሎ ጉልበት ይደርሳል። ጭላዳዎቹ ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ለእኔ መምጣት ደንታም አልሰጣቸው። ረፋዱ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አንገቱን ሰብሮ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ዘለለ፣ ሳተ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኚዬ አጎቱ ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው ባናቸውን ተከናንበው ገመድ ይሠራሉ፤ በውኃ የራሰውን ጓሳ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው በመዳፋቸው ይገምዱታል። የቤቱ ክዳንም ጓሳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ገሳም ጓሳ ነው።

«ማን ነው የሚጠብቀው?» አልኳቸው።

«የሚጠቀምበት ነዋ» አሉኝ።

ጥበቃው የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የሜዳው ባለርስቶች፣ የአስቦና የጌራ ወገኖች፣ ቄሮ በሚሉት የመዝጋትና የመክፈት ሥርዓት ሜዳውን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ አለቃው፣ አባ ቄራ፣ በበጋ ያስከፍተዋል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይዘጋል። ሰርቆ ባጨደው ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት እንደነበር ሽማግሌው ነገሩኝ፤ ሲናገሩ ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር አባ ቄራም ቀረ፤ ሁሉም እንዳሻው አጨደ፣ አጋጠ። ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከየቀበሌው ኮሚቴ መርጠው መዝጋትና መክፈቱን መለሱ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማም ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀላቸው።

የእኛን ሰፈር አረንጓዴ ቦታ አሰብኩ። ታጥሮ፣ ተቆልፎ፣ ቁልፉ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቆሻሻ ሞላው። የጓሳው ሰው የሚጠብቀው ዓይኑ እያየ የሚበቅለውን የራሱን ክዳን ነው፤ የሚከፈትበትን ጊዜ ያውቀዋል። ዘመዶቼ ይህን ብነግራቸው «ዘበኛ ቅጠሩ» ነው የሚሉኝ።

«አሁን ታዲያ የሚሰርቅ የለም?» ስል ሽማግሌው ገመዱን አቁመው ቀና አሉ።

«ሌባ መቼ ጠፍቶ! እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም» አሉና በአገጫቸው ደጅ የቆመውን ወጣት ልጃቸውን አመለከቱኝ። «ይሄ ሚስት ሊያገባ ነው፤ መሬት የለውም። ዳር ዳሩን ገብስ ብንዘራበት ምን አለ ይለኛል። ምን ልበለው?»