ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ሲገባ፦ የሰባት ቀን ፈቃድና የአንድ ዶላር ውል

አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ስሙ የገነነው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ነው። የሲያትል ልጅ ነው። በ1962 (እ.ኤ.አ.) ከአየር ወለድ ጦር ከተሰናበተ ወዲህ ለታወቁ ዘፋኞች፣ ለአይዝሊ ብራዘርስ፣ ለሊትል ሪቻርድና ለሌሎችም ከኋላ ቆሞ ሲያጅብ ኖረ። በ1966 ክረምት ኒውዮርክ ካፌ ውስጥ ሲጫወት ያየው የእንግሊዙ አኒማልስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ቻስ ቻንድለር ወደ ለንደን ወሰደው።

የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱት ሴፕቴምበር 24 ቀን ነው። የሥራ ፈቃድ የለውም፤ ጊታር ይዞ የሚገባ ሰው ደግሞ ለምን እንደመጣ ያስታውቅበታል። ስለዚህ ጊታሩን ሌላ ሰው ይዞለት አለፈ። የተሰጠው ፈቃድ ሰባት ቀን ብቻ ነበር። ወረቀቱ እስኪስተካከል ክለብ እየዞረ በሌሎች መድረክ ላይ ይጫወት ነበር፤ ኦክቶበር 1 ከክሪም ባንድ ጋር ወጥቶ የባንዱን ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተንን ያስደነገጠው በዚህ መንገድ ነው። የራሱ ሦስት ሰው ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን ያቀረበው በዚያው ወር ፈረንሳይ ነው። ለመጀመሪያው ሸክላ ገንዘብ ሲያጥር ቻንድለር የራሱን ቤዝ ጊታሮች ሸጠ። ያ ሸክላ፣ «ሄይ ጆ»፣ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ።

ጂሚ ግራኝ ነው፤ የሚይዘው ግን ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር፣ ለቀኝ እጅ የተሠራውን፣ ገልብጦ ነው። ይህን መሞከር የሚፈልግ ክሮቹን በሙሉ አውጥቶ ወፍራሙ ወደ ላይ እንዲሆን እንደገና መትከል አለበት። አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ክሮቹ የሚያልፉባት ቦይ ያላት ቁራጭም መገልበጥ አለባት። ካልሆነ ወፍራሙ ክር በጠባቡ ቦይ ውስጥ አይቀመጥም፣ ቀጭኑ ደግሞ በሰፊው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ብሪጅ አጠገብ ያለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) በሰያፍ የተተከለ ስለሆነ፣ ጊታሩ ሲገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ጠንከር፣ ቀጭኖቹ ለስለስ ብለው ይሰማሉ። ብዙ ጊዜ ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ክሩ ስለሚላላ ለመጎተት ይቀላል፣ ለዘፋኝም ጉሮሮ ይመቻል።

ጂሚ የሚጠቀምበት ፈዝ ፌስ የተባለው ድምፅ ማሻከሪያ ፔዳል ዐመለኛ ነው። የድሮዎቹ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ሙቀት ሲነካቸው ጠባያቸው ይለወጣል፤ ከሰዓት በልምምድ የተስተካከለው ድምፅ ማታ መድረክ ላይ መብራቱ ሲያግለው ሌላ ይሆናል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡት እንኳ ስለማይመሳሰሉ ብዙ ገዝቶ ደህናውን መምረጥ ግድ ነበር። የጊታሩ ድምፅ የሚወጣው በባለ 100 ዋት ማርሻል ማጉያ ነው።

ጂሚ በዘፈን ድምፁ ያፍር ስለነበር ስቱዲዮ ውስጥ ተከልሎ ይዘፍን ነበር። መድረክ ላይ ያዳነው አውራ ጣቱ ይመስለኛል፦ ከጊታሩ አንገት በላይ አሳልፎ ወፍራሙን ክር ሲይዝበት አራቱ ጣቶች ነፃ ይሆናሉ፤ እየዘፈነ ኮርዱንም ጌጡንም ብቻውን ይጫወታል።

በጁን 1967 አሜሪካ ተመልሶ ሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ጊታር ሲያቃጥል የአገሩ ሰው አወቀው። አገር ቤት የተወው ወረቀት ግን አልተወውም። በኦክቶበር 1965፣ ገና አጃቢ ሳለ፣ ፒፒኤክስ ከተባለ የሙዚቃ ድርጅት ጋር ተፈራርሞ ነበር፦ ሦስት ዓመት ለሌላ ላይቀዳ፣ በእጁ አንድ ዶላር፣ ከሽያጭ አንድ በመቶ። ቻንድለር የሚያውቃቸውን የቆዩ ውሎች ገዝቶ ሲያስለቅቀው ይህን አልሰማም፤ ጂሚም አልነገረውም። ስሙ ሲገን ባለውሉ ፒፒኤክስ በአሜሪካም በእንግሊዝም ከሰሰ፣ የጥንቱን ቅጂዎችም ካፒቶል የተባለው ሸክላ አሳታሚ በጂሚ ስም አወጣቸው። አሜሪካ ውስጥ ለመታረቅ አንድ ሙሉ አልበም ተሰጠ፤ በ1970 የወጣው «ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ» ነው። ጂሚ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በ27 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሲሞት፣ የእንግሊዙ ክስ ገና አልተዘጋም ነበር።