«ስጦታ ይከብደኛል» የሚል ጠፋ

ሜሪላንድ ውስጥ ዕዳ የበዛባቸውን ሰዎች የሚያማክር ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ደንበኞቻችን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ መጠይቅ ይሞላል። መጠይቁ የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ በሁለቱም ቋንቋ ይገኛል። ሰው ስለ ገንዘቡ የሚሰማውን ከ0 እስከ 100 በሆነ ነጥብ ይለካል፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ስሜቱ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት የአሜሪካ አዋቂዎች አማካይ 54 ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ግራፍ ይዞ እየሣቀ መጣ። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ በነጥብ በልጠዋል። ገቢያቸው ግን ያንሳል። «ባህላቸው ነው፣ ባላቸው ይብቃቃሉ» አለ። ለለጋሾች በሚሄደው ሪፖርት ሊያስገባው ነው።

አልተዋጠልኝም። ፎርሞቹን ማገላበጥ ያዝኩ። ልዩነቱ ከሁሉም በላይ የጎላው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ለሠርግ ወይም ለልደት ስጦታ መስጠት የወሩን ወጪ ያናጋብዎታል ወይ ይላል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ «በጭራሽ»። ቀጣዩም «በጭራሽ»። ኧረ በሞቴ! የቤት ኪራይ ጎድሎባቸው እኛ ዘንድ የመጡ ሰዎች እኮ ናቸው።

ነገሩ ከባህል በፊት ከታብሌት ይጀምራል። ታብሌቱ ላይ የተጫነው እንግሊዝኛው ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጥግ ይዞ ብቻውን ይሞላል። ስፓኒሽ ተናጋሪው ግን ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ባልደረባችን ፊት ቁጭ ብሎ፣ እሷ ስታነብለት ይመልሳል። እሷ ደግሞ የብዙዎቹ ሰፈርተኛ ናት። ቅዳሜ ልደት ላይ ይገናኛሉ። እሷ ፊት «ስጦታ ይከብደኛል» ማለት ምን እንደሆነ ሠርግ የተጠራ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል።

መጠይቁን ያዘጋጁትም ይህን አስበውበታል። ሰው ራሱ ሲሞላና ሌላ ሰው ሲያነብለት ነጥቡ የሚሰላው በተለያየ ሰንጠረዥ ነው። ዕድሜውም ይለያል፤ እስከ 61 ያለው ለብቻ፣ ከ62 ጀምሮ ያለው ለብቻ። እኛ ቢሮ ግን አንባቢ የነበረውም ያልነበረውም በአንድ ሰንጠረዥ ተሰልቷል። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። መመሪያ ማን ያነባል!

በትክክለኛው ስናሰላው ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ሰንጠረዡ ሰው እንዳነበበ እንጂ ጎረቤት እንዳነበበ አያውቅማ። ስለዚህ ስፓኒሹም ታብሌት ላይ ተጫነ። ማንበብ ለሚቸገሩት ደግሞ ከሌላ ሰፈር የምትመጣ ሠራተኛ ተመደበች። «ባህላቸው ነው» የምትለዋም ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ በጣም ወዷት ስለነበር ትንሽ ቅር ብሎታል።